ባለ እጅ ፍለጋ፦ አምስት ቀን በሰሜን ሸዋ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8 ቀን 2011 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላምበረት መናኸሪያ ነበርኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ጥቅል ወረቀት፣ ስድስት እርሳስ፣ ማስመሪያና ላጲስ አለ። ከሁሉም በላይ የአያቴ ባና፣ ከበግ ጸጉር የተሸመነው ብርድ ልብሷ፣ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ረዳቱ ቦርሳውን ሲያነሳ ሽታው ደረሰበትና «በግ ጭነህ ነው እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ባናው ዛሬም እርጥበት ሲነካው በግ በግ ይላል። አያቴ የመንዝ ልጅ ነበረች። አዲስ አበባ ስትገባ ይዛው የመጣችው ይሄንን ነው።

ለምን እንደምሄድ ልጻፍ። ሁለት ዓመት ሙሉ የምሠራው መስመር ብቻ ነው። ሸራውን ነጭ እቀባለሁ። ሲደርቅ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ አሰምራለሁ። አንድ መስመር፣ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ። ሰው የለበትም፣ ዛፍ የለበትም፣ ፀሐይ የለበትም። ባለፈው ወር ከጓደኞቼ ጋር ባሳየሁት ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ጎብኚ ሥዕሌ ፊት ቆመ። ፎቶ አነሳውና ስልኩን ማየት ጀመረ። ሥዕሉ እዚያው ፊቱ ተሰቅሎ እሱ የሚያየው ስልኩን ነው። ከዚያ ዞር ብሎ «ይሄንን እኮ ኮምፒዩተር በአንድ ደቂቃ ያወጣዋል» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ዕድሜ ልካቸውን አንድ ነገር ደጋግመው የሚሠሩ ሰዎች ጋ መሄድ አለብኝ ብዬ የወሰንኩት በማግሥቱ ነው። ብራና ላይ በእጁ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ጋ፣ ሸማኔ ጋ፣ እንዝርት የምታሾር ሴት ጋ። እነሱ የሚያውቁት ነገር ይኖራል።

ሰንዳፋንና ሸኖን አልፈን ጫጫ ስንቃረብ ሜዳው ሰፋ። ገብስ እየታጨደ ነው። በየደጁ ኩበት ተከምሯል። ስንት ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሻለሁ፤ ኩበቱን ልብ ብዬ ያየሁት ግን ዛሬ ነው። መኪናው ሰው ለማውረድ ሲቆም አንድ የድንጋይ ግድግዳ ከመስኮቴ ሁለት ክንድ ያህል ቀረበ። ግድግዳው ላይ ኩበት ተለጥፎ ይደርቃል፤ ረድፍ በረድፍ። ከሩቅ ሁሉም አንድ ዓይነት ክብ ነው። ከቅርብ ግን እያንዳንዱ ላይ ጣት አለ። አምስት ጣት። አንዳንዱ ላይ አውራ ጣቷ ጠልቋል፤ አንዳንዱ ላይ መዳፏ ብቻ ነው ያረፈው። የታችኛው ረድፍ ጣቶች ትንንሽ ናቸው። ልጇ አግዛት ይሆናል። መኪናው ሲንቀሳቀስ አንገቴን አዙሬ እያየሁ ሄድኩ።

ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላ ከጫጫ ብዙ አትርቅም። ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት እሳቸው ናቸው። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለነበረ ነው። «ባለ እጅ» የሚለው ቃል በአገራችን ለስንት ዘመን ማዋረጃ ሆኖ ኖሯል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ባለ እጅ እየተባሉ ተገፍተዋል። ቃሉን ብቻውን ሳየው ግን ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አላውቅም። እጅ ያለው ሰው ማለት ነው። ወጥ ላይ ሲሆን እናውቀዋለን፤ «እጇ ይጣፍጣል» እንላለን። በርበሬው ያው፣ ሽንኩርቱ ያው፣ ድስቱ ያው። የተለየው እጇ ነው። ሥዕል ላይ ስንደርስ ግን ይሄንኑ እንረሳዋለን። «ምንድን ነው የሣለው?» ብለን ጠይቀን እናልፋለን።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጣሁ። ባናና ዝተት የሚሸጡበት ጥግ ላይ የፋብሪካ ብርድ ልብስም አብሮ ተደርድሯል። አንዲት ነጋዴ ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ዘረጉልኝ። «የማሽኑ ጠርዙ ልክክ ያለ ነው። የሰው ሲሆን ይገባል፣ ይወጣል» አሉኝ። የቱን ይመርጣሉ ብላቸው ሳቁ። «እኔ የምለብሰውን ነው የምትጠይቀኝ ወይስ የምሸጠውን?» የሚለብሱትን ነገሩኝ። የሰው ነው።

ማታ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳር ብርዷ አጥንት ይገባል። በባናው ተጠቅልዬ ነው የምጽፈው።

እንደዚህ ባለ ማታ ስለ ሠዓሊዋ አግነስ ማርቲን አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1912 ካናዳ ውስጥ ሜዳው ማለቂያ በሌለው የስንዴ አገር ተወለደች። ኒው ዮርክ ሄዳ ሠራች። ከ1960 ገደማ ጀምሮ በሁሉም ጎኑ 183 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሸራ ላይ በእርሳስ ታሰምር ነበር። አግድም፣ ቁልቁል፣ መረብ የመሰለ መስመር። በ1967 ኒው ዮርክን ጥላ ወጣች። ሥዕል አቆመች። በመኪናዋ ስትዞር ቆይታ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ በጭቃ ጡብ ቤት ሠራች። ወደ ሸራ የተመለሰችው ከዓመታት በኋላ ነው። ተመልሳም ያንኑ መስመር ያዘች። በ2004 እስክትሞት ድረስ አልተወችውም። ሰዎች ሚኒማሊስት፣ ሁሉን ቀንሶ ጥቂት ነገር ብቻ የሚያስቀር ሠዓሊ፣ ይሏታል። እሷ ስሙን አትወደውም ነበር። ራሷን የምትቆጥረው ስሜት ከሚሥሉት ጋር ነው።

ከሥዕሎቿ አንዱንም በዓይኔ አላየሁም። በመጽሐፍና በስክሪን ነው የማውቃቸው። ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ፎቶ መጀመሪያ የሚያጠፋው እጇን ነውና። ስልክ ላይ ግራጫ፣ ባዶ ካሬ ነው። የገባኝ አንድ ቀን ከቅርብ የተነሣ ቁራጭ ፎቶ ሳገኝ ነው። እርሳሱ የሸራውን ክር ሲሻገር ይዘላል። ክሩ ጉብ ያለበት ይጠቁራል፣ ጎድጎድ ያለበት ይሳሳል። የመስመሮቹ ጫፍ የሚቆመው አንድ ቦታ ላይ አይደለም። አንዱ ትንሽ አጥሯል፣ አንዱ ትንሽ አልፏል። ሥዕሉ ውስጥ ከዚህ ሌላ ምንም ስለሌለ ይህቺ ትንሽ ነገር ትልቅ ትሆናለች። ለዚያ ጎብኚ ይሄንን ልነግረው ይገባኝ ነበር። «ስልኩን አስቀምጠውና ቅረብ» ልለው ይገባኝ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 9። አንኮበር

ጠዋት ቅዳሴ አስቀደስኩ። አጠገቤ የቆሙ አዛውንት መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እየገፉ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላሉ። 41 ጊዜ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነገር ነው። ዛሬ ቆጠርኩላቸው። አሥረኛው ላይ ድምፃቸው ጠንካራ ነበር። ሃያዎቹ ላይ ሰለቸ ብል ይሻላል፣ ቃሉ ተጣበቀ። ሰላሳዎቹ ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። ዝግ አሉ። ቃሉ ከአፋቸው እየተለየ መውጣት ጀመረ። «አንዴ ብለውት የለ፣ አርባው ለምንድን ነው?» የሚል ሰው በአገራችን የለም። ድግግሞሽ ምን እንደሚሠራ ጉልበታችን ያውቀዋል። ጉልበታችን የሚያውቀውን ዓይናችን ለምን እንደሚክድ ነው ያልገባኝ።

ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ደጋውን ይዞ ሄዶ ሄዶ ድንገት አገሩ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። ታች የአፋር ቆላ በጭጋግ ተሸፍኗል። ከገደሉ አፋፍ ጀምሮ ዳገቱ በሙሉ እርከን ነው። ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር።

እርከኑን ሳይ «ይሄው ሥዕል!» ማለት አማረኝና ተውኩት። ቀላል አባባል ነው፤ እውነትም አይደለም። ገበሬው ያሰመረው አፈሩ እንዳይሄድበት ነው። አግነስ ማርቲንም መስመሮቿ የመልክዓ ምድር ሥዕል እንዳይባሉባት ትከላከል ነበር። አንድ ነገር ግን አየሁ። የእርከኑ መስመር ትልቅ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል። ቀጥሎ ያለው እርከን ድንጋይ የለበትም፣ እሱም ግን በመጠኑ ታጥፏል። ከዚያ በታች ያለውም እንዲሁ፣ እያነሰ እያነሰ። አምስተኛው ላይ እጥፋቱ ጠፋ። አንድ መስመር የገጠመውን ነገር የታችኞቹ ሲያስታውሱለት ማለት ነው። ቁጭ ብዬ ይሄንን ብቻ በወረቀት ገለበጥኩ።

ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የተወለደው እዚህ አንኮበር ነው፤ በ1925 ዓ.ም.። ተማሪ ሆኜ አፈወርቅን አልወድም ነበር። ሥዕሎቹ ውስጥ ሰው፣ ታሪክ፣ ባንዲራ ሞልቷል። እኔ ደግሞ ልቤ ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ጋር ነበር። ጀርመን ተምሮ መጥቶ አብስትራክት ሥዕል ለአዲስ አበባ ካሳዩት ፊተኞች አንዱ እሱ ነውና። ዛሬ ነገሩን እንደዚያ አላየውም። አፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የአፈወርቅ የመስታወት ሥዕል ቀርቤ ካየሁት በኋላ ፊቶቹን ትቼ ቁርጥራጭ መስታወቶቹን ነው የማስታውሰው።

ሰኞ፣ ኅዳር 10። አንኮበር

ዛሬ ሙሉ ቀን አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ነው የዋልኩት።

መሪጌታው ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ቁም ጸሐፊ ናቸው። የጠዋት ብርሃን እንዲያገኙ በራፉ ላይ ዱካ አድርገው ይቀመጣሉ። ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። ጠረጴዛ የላቸውም፣ አይፈልጉምም። ዳዊት እየጻፉ ነው። 150ው መዝሙር ከነጸሎቱ። ሌላ መጽሐፍም ይጽፋሉ ግን ዳዊት ፈላጊው ብዙ ነው። ስንት ዳዊት ጽፈዋል ብዬ ብጠይቃቸው «መቁጠር ደግ አይደለም» አሉኝ።

እኔ የመጣሁት ፊደላቸውን ላይ ብዬ ነበር። ዓይኔን የያዘው ግን ከፊደሉ በፊት ያለው ሥራ ነው። ባዶውን ብራና ያነሳሉ። በወስፌ ግራና ቀኙን ጠርዝ ይዘው ነጥብ ነጥብ ይወጋሉ። እኩል ርቀት ነው፤ ይለካሉ ግን አፍጥጠው አይለኩም። ከዚያ ከነጥብ ወደ ነጥብ በወስፌው ጫፍ ይጭራሉ። ቀለም የለውም። ጭረት ብቻ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ገጹ እስኪሞላ። ሲጨርሱ ብራናው ባዶ ይመስላል። ወደ ብርሃን ሲያጋድሉት ግን መስመሮቹ ብድግ ይላሉ። በፊቱ ትልም፣ በጀርባው ደግሞ ጉብታ።

ትንፋሼን ያዝኩ። ሁለት ዓመት የደከምኩበት ነገር እዚህ አገር ለዘመናት ሲሠራ ኖሯል። ለዚያውም ተሠርቶ ፊደል ይለብሳል። ማንም አያየውም።

ጥቅሌን ፈታሁና አንድ ሥራዬን አሳየኋቸው። ሁለት መቶ የሚሆን የእርሳስ መስመር ነው። እንደ ብራናው ወደ ብርሃን አጋደሉት። ብዙ ቆዩ።

«አሰማመርህ መልካም ነው። ጽሕፈቱስ?»

«ጽሕፈት የለውም መሪጌታ። መስመሩ ነው ሥራው።»

«መስመር የሚሰመረው ሊጻፍበት ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን ሳይጻፍበት ብንተወው ያሰመረው ሰው ይታያል ብዬ ነው።»

«ያሰመረው ሰው ለምን ይታያል?» አሉኝ። በቁጣ አይደለም። እውነት ጠይቀውኝ ነው። እሳቸው ስማቸውን መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያደርጋሉ፣ ለዚያውም የሚያነበው እንዲጸልይላቸው። እጃቸው እንዲታይ አይደለም። ምሳችንን እስክንበላ ድረስ መልስ ፈለግኩ። ያገኘሁትም አላረካቸውም። እስካሁን ባለመስማማት ነው ያለነው። ያንን ጥያቄ ይዤው እሄዳለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጻፉ። መቃውን ቀለም ይነክራሉ። ጥቂት ቃል ይጽፋሉ። መቃው ብራናው ላይ ሲሄድ ሳር ላይ እንደሚራመድ ሰው ድምፅ አለው። ፊደሉ ገና ሲነከር ጥቁር ነው፤ እየሄደ ይሳሳል፤ ከዚያ እንደገና ነክረው ይጠቁራል። ገጹን ከራቅ ብዬ ሳየው ይሄ መጥቆርና መሳሳት ከቃሉ ጋር ሳይያያዝ የራሱን ማዕበል ይሠራል። የእግዚአብሔር ስም ላይ ሲደርሱ ቀዩን መቃ ያነሳሉ።

እዚህ ላይ ሮማን ኦፓውካ ትዝ አለኝ። የፖላንድ ሠዓሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ዋርሶ ውስጥ አንድ ጥቁር ሸራ አቁሞ ከላይ ከግራ ጥግ በነጭ ቀለም 1 ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ 2። ቀጥሎ 3። ሸራው ሲሞላ ሌላ ሸራ። ሸራዎቹ በሙሉ አንድ ልክ ናቸው፣ 196 በ135 ሴንቲ ሜትር። ልኩ የተወሰደው ከሚሠራበት ክፍል በር ነው። ቀጭን ብሩሹን ይነክራል፣ ቀለሙ እስኪያልቅ ይጽፋል፣ መልሶ ይነክራል። እንደ መሪጌታው። ከ1972 ጀምሮ በየአዲሱ ሸራ መደብ ላይ አንድ በመቶ ነጭ እየጨመረ ሄደ። በመጨረሻ ነጭ በነጭ ላይ ይጽፍ ነበር። በ2011 ሲሞት 5,607,249 ላይ ደርሷል። ቁጥሩን ማሽን በአንድ አፍታ ያትመዋል። 46 ዓመቱን ግን ማሽን አይኖርለትም። ኦፓውካ የሣለው ዕድሜውን ነው፤ ቁጥሩ የሰመረለት መስመር ነው።

ሊመሽ ሲል መሪጌታው ዛሬ የጻፉትን ገጽ ራሳቸው ተመለከቱ። ጣታቸውን አንድ ስንኝ ላይ አሳረፉ። «እዚህ ላይ አንተ ያን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ነው» አሉ። እኔ ምንም አላየሁም። ቀረብኩ። የአንድ ፊደል እግር ከወንድሞቹ ትንሽ ረዝሟል። ያችን ፊደል ፍቀው አላስተካከሏትም። ስህተት ቢሆን ኖሮ ብራናው በካራ ይፋቃል፤ የተፋቀውም ቦታ ስስ ሆኖ ለዘላለም ይታወቃል። ይሄ ግን ስህተት አይደለም አሉ። «ቃሉ ደኅና ነው።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11። መሐል ሜዳ፣ መንዝ

ረጅም መንገድ ነው፤ አሳጥሬ ልለፈው። ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ፣ ከዚያ ጣርማበር፣ ጣልያን የፈለፈለው ዋሻ አፍ ሳልገባ ወደ መንዝ ታጠፍኩ። ኮረኮንች ነው። አቧራ ጠጥቼ 10 ሰዓት ላይ መሐል ሜዳ ደረስኩ።

በዘመድ በኩል የተነገረኝ ሸማኔ ቤቱ ከከተማው ወጣ ይላል። የድንጋይ ቤት ነው። ነገ ሚካኤል ስለሆነ ዛሬ ሳይመሽ ሊጨርስ ይጣደፋል። ስልሳን ያለፈ ሰው ነው፤ «አባባ» ብዬ ነው የጠራሁት። ከዚህ በኋላም እሳቸው እላለሁ። ባለቤታቸው በራፉ ላይ ተቀምጠው የበግ ጸጉር ይፈትላሉ። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ያሾሩታል፣ ይለቁታል፣ ይዘረጋል፣ ይጠመጥሙታል። ያንኑ እንደገና። እያወሩኝ፣ ቡና ለልጅቱ እያዘዙ፣ ዶሮ እያባረሩ። እጃቸውን አንዴም አላዩትም።

ክሩ አልተነከረም። ጥቁሩ የጥቁር በግ ነው፣ ቡናማው የቡናማ በግ።

አባባ ጉድጓዱ ውስጥ እግራቸውን ከተው ተቀምጠዋል። መወርወሪያውን ከቀኝ ይወረውራሉ፣ በግራ ይቀበላሉ። ማጉን ይመቱታል። ከግራ ይወረውራሉ፣ በቀኝ ይቀበላሉ። ይመቱታል። «ወርዱን ማስፋት አይቻልም?» አልኳቸው። ክንዳቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። መወርወሪያውን ሊቀበሉ የሚችሉት እስከዚያ ነው። ሰፊ ልብስ የሚፈልግ ሁለቱን ይሰፋዋል።

የሥዕል ልክ ከየት እንደሚመጣ ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር። አግነስ ማርቲን ከሰማንያ ዓመቷ በኋላ ሸራዋን ከ183 ወደ 152 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አደረገችው፤ ብቻዋን አንስታ ማዞር እንድትችል። የኦፓውካ ልክ በሩ ነው። የአባባ ልክ ክንዳቸው ነው። የኔ ሸራ ልክ ከየት እንደመጣ አሰብኩ። ከሱቅ ነው። እንዲያው ከሱቅ። ይሄ ነገር ዛሬ በጣም ከበደኝ።

መወርወሪያውን አስቀምጠው ቡና ስንጠጣ የአያቴን ባና አወጣሁ። ዕድሜውን አላውቅም፣ ከኔ ግን ይበልጣል። አባባ እጃቸውን ጠራረጉና ጭናቸው ላይ ዘረጉት። አላዩትም፤ ዳበሱት። መዳፋቸውን ከአንዱ ጫፍ ጀምረው በዝግታ አስኬዱት። መሐል ላይ ቆሙ።

«እስከዚህ አንድ ሰው ነው። ከዚህ ወዲያ ሌላ ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«ይሄኛው ሲመታ ያጠብቃል። ያኛው እጁ ልል ነው።» መዳፋቸውን ቀጠሉ። ከሁለት ስንዝር በኋላ እንደገና ቆሙ። «እዚህ ደግሞ የፊተኛው ተመልሷል። ልጁን እያስተማረው ይሆናል። ወይ አሞት ይሆናል።»

ባለቤታቸው ከበራፉ «ፈትሉስ?» አሉ። አባባ ጠርዙን ወረወሩላቸው። በጣታቸው አሸት አደረጉትና «ፈትሉ የአንድ ሰው ነው። ጎበዝ ናት» አሉ።

እዚያ ባና ሥር ሠላሳ ዓመት ተኝቻለሁ። አያቴ ስትሞት ለብሳው ነበር። ሦስት ሰው እንዳለበት አላውቅም። አሁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳጋድለው ይታየኛል። መሐሉ ላይ ሁለት ስንዝር የሚሆን ሳሳ ያለ፣ ትንሽ የሚወላገድ ቦታ። ልጅ ይሁን ታማሚ፣ አንድ ሰው እዚያ ውስጥ አለ።

ሶል ለዊት የሚባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የግድግዳ ሥዕሎቹን መመሪያ እየጻፈ ለሌሎች ይሰጥ ነበር፤ መስመሩን የሚያሰምሩት እነሱ ናቸው። ከእጅ ሐሳቡን ያስቀደመ ሰው ነው። አከብረዋለሁ፤ ድፍረቱን ወድጄለታለሁ። ግን አልተከተልኩትም፤ ዛሬ ለምን እንደሆነ ገባኝ። ይሄ ባና አንድ መመሪያ ነው፣ አንድ ፈትል ነው፣ አንድ ጉድጓድ ነው። እጁ ሲለወጥ ግን ሸማኔ መዳፉን ጭኖ ያውቀዋል። የሌላው አሜሪካዊ ሠዓሊ የፍራንክ ስቴላም ጥቁር ሥዕሎች እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በቤት ቀቢ ብሩሽ ነው የሠራቸው። በፎቶ ሲታዩ በመቁረጫ የተቆረጡ ይመስላሉ። በጥቁሮቹ መሐል የቀረው የሸራ ክፍተት ግን ይወፍራል፣ ይቀጥናል። ብሩሹ ይንቀጠቀጣል። እጅን ላስወጣ ያለውም ሰው በር ሊዘጋበት አልቻለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12። ጓሳ

ሚካኤል። ሌሊት ከቅዳሴው ስንወጣ ከተማው በጭስ ተሞልቷል። ኅዳር ሲታጠን ነው። የኅዳር በሽታ ያን ያህል ሕዝብ የፈጀው በ1911 ዓ.ም. ነበር፤ ዘንድሮ ድፍን 100 ዓመቱ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቆሻሻው ተሰብስቦ ይቃጠላል። በአባባ ደጅ ሳልፍ ጉድጓዱ በጆንያ ተሸፍኗል። መወርወሪያው ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ዛሬ እጅ ያርፋል።

ለበዓል የመጡ ሰዎችን የሚመልስ መኪና አገኘሁ። ጓሳ ላይ እንዲያወርደኝና ከሰዓት ሌላው መኪና እንዲያነሳኝ ተነጋገርን። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ንፋሱ አያባራም። ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ሣር ነው። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓቱ ለዘመናት ጠብቆታል። ይዘጋል፣ ዓመታት ይቆያል፣ ሲከፈት ሁሉም ባንድ ቀን ይወጣል።

ባናውን ደርቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጠፍጣፋ እንጨት ጉልበቴ ላይ አደረግኩ፤ እንደ መሪጌታው። ወረቀቱን ከክንዴ ርዝመት ቆረጥኩት። ማስመሪያውን አላወጣሁም። በሁለቱም ጠርዝ በእርሳስ ጫፍ ነጥብ ወጋሁና ጀመርኩ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። እጄ በብርድ ደንዝዟል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ሞቀ። ከፊቴ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቀው ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠዋል። ሣሩን በጣታቸው ይነጫሉ፣ አፋቸው ውስጥ ያደርጋሉ፣ ይነጫሉ። እነሱም ቀና አላሉም፣ እኔም አላልኩም።

23ኛው ላይ ንፋሱ ወረቀቱን አነሳው። እርሳሱ ወደ ላይ ዘለለ። የገብስ ቅንጣት የምታህል ጉብታ። እጄ ወደ ቦርሳው ሄደ። ላጲሱን ነካሁት። አዲስ አበባ ብሆን አጥፍቼው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠፋሁት ይሄንን ነው። ላጲሱን መልሼ አስቀመጥኩት።

24ኛውን ቀጥ አድርጌ ለማስመር ነበር ያሰብኩት። ያቺ ቦታ ስደርስ ግን እጄ ራሱ ዝግ አለ። መስመሩ በጥቂቱ ቀና አለ። 25ኛው ከዚያ ያነሰ። 26ኛው ከዚያ ያነሰ። ስንት መስመር እንደሚወስድ ለማየት ቸኮልኩ፣ ስቸኩል ሌላ ቦታ ላይ ተንቀጠቀጥኩ፣ እሱም ወደ ታች መውረድ ጀመረ። የአንኮበር እርከን ትዝ አለኝ፤ ግን ብዙ አላሰብኩበትም። የምጠብቀው ቀጣዩን መስመር ነበር።

የመሪጌታውም ጥያቄ አብሮኝ ነው። ያሰመረው ሰው ለምን ይታያል? ሲጠይቁኝ «እንዲታይ ብዬ ነው» ብዬ ነበር የመለስኩላቸው። እዚህ ግን ራሴን ላሳይ ብዬ አይደለም የማሰምረው። ማንም የለም። እሳቸውም ያችን እግሯ የረዘመች ፊደል የተዋት ራሳቸውን ሊያሳዩ አይደለም። ቃሉ ደኅና ስለሆነ ነው። ሌላ ጊዜ ስመለስ ይሄንን እነግራቸዋለሁ። ምናልባት አሁንም አይስማሙም።

84ኛው ላይ ከመንገዱ ክላክስ ተሰማ። መኪናው ደርሷል። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ እጁን ያወዛውዛል።

«አንዴ ጠብቀኝ!» ብዬ ጮህኩ። 85ኛውን ጀምሬው ነበር።